ለጉንፋን የሚፈጥን፣ ለጽኑ ሕመም የሚዘገይ መድኃኒት

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች በአንዱ፣ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ተመሳሳይ ንግግር ደጋግሞ መስማቱ አይቀርም። አንድ ወጣት ይገባና «ጉሮሮዬን ይዞኛል፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይላል። ባለሙያዋ ማዘዣ እንዳለው ትጠይቀዋለች። «የለኝም፤ አምና ወስጄው ተሽሎኛል፣ አሥር ፍሬ ይበቃኛል» ይላታል። ታመነታለች፤ ብትከለክለው ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት እንደሚያገኘው ሁለቱም ያውቃሉ። አሥሩ ፍሬ በመቀስ ተቆርጦ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ይሰጠዋል፤ ከረጢቱ ላይም በቀን ሦስት ጊዜ ተብሎ ይጻፍበታል። ለሦስት ቀን ከአንድ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለው የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ግን መድኃኒቱን ወሰደውም አልወሰደውም በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል፤ ምስጋናውን የሚያገኘው አሞክሳሲሊኑ ነው።

በዚያው ዓይነት ሰፈር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጎረቤታችን እናት ታመሙ። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል፤ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ጎናቸውን ያማቸዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል። ወደ አንድ ክሊኒክ ተወስደው ደም ሰጡ፤ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜም «ታይፎይድና ታይፈስ አለባቸው» ተባለና ጠዋትና ማታ የሚወጉት መርፌ ታዘዘላቸው። በአራተኛው ቀን ዝም አሉ። ልጆቻቸው እንቅልፍ ያገኙ መስሏቸው ደስ አላቸው። ማታ ላይ የልጃቸውን ስም ሲያምታቱ፣ ከጠዋት ጀምሮም ሽንት እንዳልወጣላቸው ሲታወቅ ነው ሆስፒታል የደረሱት። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊታቸው ተነሥቶ ደም ውስጥ ገብቶ ነበር። ተርፈዋል፤ ነገር ግን ከአልጋ ለመነሣት ሁለት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ስለ አንቲባዮቲክ በአገራችን የሚነገረው ምክር በአብዛኛው የመጀመሪያውን ታሪክ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ያለ ማዘዣ አትግዙ፣ አታቋርጡ፣ የተረፋችሁን ለሌላ ሰው አትስጡ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ለወጣቱ የፈጠነው መድኃኒትና ለእናትየዋ የዘገየው ትክክለኛ ሕክምና ከአንድ ምንጭ የተነሡ መሆናቸውን አይነግረንም። በሁለቱም ቦታ ሕመሙ ምንድን ነው፣ ምን ያህልስ ከብዷል ብሎ ታማሚውን አተኩሮ ያየ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱ የምርመራውን ቦታ ወስዶ ነበር። እኔ እንደማምነው አንቲባዮቲክን በአግባቡ መጠቀም የሚጀምረው ጽኑ ኢንፌክሽንን ከቀላሉ ለይቶ ማወቅን ባለሙያውም ቤተሰቡም ሲማር ነው፤ መከልከል ብቻውን ሩቅ አያስኬድም።

የከበደውን ከቀለለው መለየት

ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት፣ በተለምዶ የደም መመረዝ የምንለው ሁኔታ፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ልብና አንጎል መጉዳት ሲጀምር የሚፈጠር ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ከወሊድ በኋላ ማሕፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ወይም እግር ላይ ያመረቀዘ ቁስል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት በ2017 ብቻ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና 11 ሚሊዮኑ እንደሞቱ ገምቷል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከሞቱት ሰዎች አንድ አምስተኛው ያህል ነው። ከታማሚዎቹ 85 ከመቶ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም በዚያው በ2017 አገሮች ሴፕሲስን በመከላከል፣ በመለየትና በማከም ላይ እንዲሠሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል።

በቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ምልክት ትኩሳት ነው፤ እጅ ግንባር ላይ ይደረጋል፣ ካተኮሰ ታሟል፣ ካላተኮሰ ተሽሎታል ይባላል። ይህ ልማድ በጽኑ ኢንፌክሽን ጊዜ ብዙ ሰው ያሳስታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትና ጨቅላዎች ኢንፌክሽኑ ሲበረታባቸው ጭራሽ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ከትኩሳት ይልቅ የበለጠ የሚናገሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ዐዋቂ ሰው በእረፍት ላይ እያለ በደቂቃ 22 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወትሮው በተለየ ከደነዘዘ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ ወደ 100 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሐኪሞች በጥርጣሬ ያዩታል። እርግጥ እነዚህ ሦስቱ ብቻቸውን ሁሉንም ታማሚ ስለማይለዩ በ2021 የታደሰው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ እንደ ብቸኛ ወንፊት እንዳንጠቀምባቸው ያሳስባል። ሽንት መቀነስ ወይም መቅረት፣ የእጅና የእግር ጫፍ መቀዝቀዝ፣ ከመጠን ያለፈ ድካም፣ ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም ይጨመሩባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የታየበት ሰው ሳይታከም ቤቱ ማደር የለበትም።

በልጆች ላይ ምልክቶቹ ይበልጥ ግልጽ ናቸው፤ በጤና ጣቢያዎቻችን ግድግዳ ላይም ተለጥፈው ይታያሉ። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ አደጋ ላይ ነው። ሳል ያለበት ልጅ ደግሞ ትንፋሹ ይቆጠራል፤ ከሁለት ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60 እና በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና በላይ ፈጣን ይባላል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ከቀላል ሳል ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም።

ስለ ማጅራት ገትርም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ ናትና። የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላትና ብርቱ ራስ ምታት ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሽፍታ ግን በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ በውጭ አገር ሥዕሎች ላይ በነጭ ቆዳ የሚታየውን ዓይነት የሚጠብቅ ሰው ያልፈዋል። መታየት ያለበት በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በዐይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍልና በላንቃ ላይ ነው።

መለየት የሚያቅተው መሣሪያ ያነሰው ሆስፒታል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ስፖርት ሲሠራ ክንዱ ተላጠ፤ አተኮሰው፣ አስመለሰው፣ በድንገተኛ ክፍል ከታየ በኋላም የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። የደም ምርመራው ከባድ ኢንፌክሽን እንደሚያመለክት የታወቀው ከሄደ በኋላ ሲሆን ልጁ በቀናት ውስጥ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ግዛቲቱ ሆስፒታሎች ሁሉ ሴፕሲስን በፍጥነት የሚለዩበትና የሚያክሙበት የጽሑፍ ሥርዓት እንዲኖራቸው በደንብ አስገደደች።

«ታይፎይድና ታይፈስ»

በኢትዮጵያ ትክክለኛው ምርመራ ከሚጠፋባቸው በሮች አንዱ በጣም የተለመደ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው ደም ሰጥቶ ሁለቱንም በሽታዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይዞ መውጣቱ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ከዚህ ውጤት በስተጀርባ ያሉት ሁለት ምርመራዎች የታይፎይዱ ዊዳል፣ የታይፈሱ ደግሞ ዌል-ፌሊክስ ይባላሉ። ዊዳል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን ዌል-ፌሊክስ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916 ነው። ሁለቱም ጀርሙን አያሳዩም፤ የሚለኩት ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) በሚዘወተርበት አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ከዓመታት በፊት በያዘው ኢንፌክሽን ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ጀርም የተነሣ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ዌል-ፌሊክስማ የሚጠቀመው ከታይፈስ ጀርም ጋር በአጋጣሚ የሚመሳሰል የሌላ ባክቴሪያ ቁስ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ «ፖዘቲቭ» የተባለ ውጤት ሰውየውን ዛሬ ያሳመመው ምን እንደሆነ አያረጋግጥም።

ምርመራው ርካሽ ነው፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል፤ ታማሚውም የሕመሙ ስም ተነግሮት ስለሚወጣ ይረካል። ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው በማያስፈልገው ሰው ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሴፍትሪያክሰን መባከኑ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በቀላሉ ጀርም ስለሚላመዳቸው በጥንቃቄ ይያዙ ከሚላቸው መድኃኒቶች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሁለተኛውና በእኔ ግምት የሚብሰው፣ ስሙ ከተገኘ በኋላ ፍለጋው መቆሙ ነው። የጎረቤታችንን እናት ያገኛቸው ይህ ነበር። ጎናቸውን ደጋግመው ሲያመለክቱ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልስ ስለነበር ሽንታቸውን ለመመርመር ማንም አላሰበም።

እውነተኛው የአንጀት ተስቦ ግን አለ፤ በተለይ በሦስተኛው ሳምንት አንጀትን በስቶ ይገድላል። የሚረጋገጠው በደም ካልቸር ነው፤ ማለትም ከታማሚው ደም ተወስዶ ጀርሙ እንዲያድግ ይደረግና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈተሻል። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ከያዛቸው ሰዎች የሚያገኘው ግማሹን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚል ቁጥር ነው። በአንጻሩ በአገራችን ትኩሳት ሲነሣ ከማንኛውም ነገር በፊት መታየት ያለበት ወባ ሲሆን የሚታየውም በቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎች ተመዝግበዋል። እዚህ ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ ወባ ተገኘ ማለት ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። በጽኑ ወባ የተያዙ ሕፃናት ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያም አብሮ ስለሚገኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህ አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ከወባ መድኃኒቱ ጋር አንቲባዮቲክ እንዲሰጣቸው ይመክራል።

ለወባ በተዘጋጀው በዚያው መስታወት ላይ ጥሩ ዐይን ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሌላም ነገር ያያል። በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደ ቀጭን ጥቅልል ክር የሚታየው ጀርም ግርሻ የምንለው በሽታ ምክንያት ነው፤ በቅማል ይተላለፋል፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርባቸው ቦታዎችም ይነሣል፤ ኢትዮጵያም ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ሕክምናው ከሞላ ጎደል በአንድ መጠን ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን የሚያልቅ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጀርሞቹ በጅምላ ሲሞቱ ታማሚው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህች ሰዓት አጠገቡ ሰው ካልኖረ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛውን መድኃኒት ለትክክለኛው በሽታ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ እንኳ የማያስተማምንበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ሴፕሲስ ነው የሚለው ጥርጣሬ ከተነሣ በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የደም ግፊቱ ለወደቀ፣ ወይም ሴፕሲስ መሆኑ በጣም ለሚያጠራጥር ታማሚ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ግፊቱ ላልወደቀና ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል ተብሎ ለሚታሰብ ሰው ግን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ተመርምሮ እንዲወሰን ይፈቅዳል። ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ ሁሉም ትኩሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ መርፌ ይወጋ ማለት እኛን ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሰናል።

የደም ካልቸር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ደሙ መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው፤ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የተወሰደ ደም ብዙ ጊዜ ባዶ ውጤት ያመጣል። ነገር ግን ጠርሙሱ እስኪገኝ ተብሎ መድኃኒቱ አይዘገይም። ምርጫው የሚነሣው ኢንፌክሽኑ ከየት ተነሣ ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ለሳንባ የሚሆነው ለሆድ ላይበቃ ይችላል፣ ለማጅራት ገትር ደግሞ መጠኑ ራሱ ከፍ ይላል። ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ ሲገጥም አንዳንድ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን መጠን ሳይቀር ይቀንሱታል። ይህ ስሕተት ነው፤ የሚስተካከሉት ቀጣዮቹ መጠኖች ሲሆኑ የመጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ይሰጣል። መግል የቋጠረ ቦታ ካልተከፈተ፣ የቀረ የእንግዴ ልጅ ካልወጣ፣ በጠጠር የተዘጋ የሽንት መንገድ ካልተለቀቀ ደግሞ የትኛውም መድኃኒት ብቻውን አያድንም፤ ስለዚህ ታማሚውን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ማስተላለፍ የሕክምናው አካል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፤ «ግሉኮስ ለምን አይተከልለትም?» የደም ሥር ፈሳሽ ሁሉ በእኛ ዘንድ ግሉኮስ ይባላል፤ ሲንጠባጠብ ማየትም ልብ ያሳርፋል። በእርግጥ በሴፕሲስ ግፊቱ ለወደቀ ሰው ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆነው ግን የጨው ውሕዱ ነው፣ የስኳሩ ውሕድ በደም ሥር ውስጥ ስለማይቆይ ግፊት አያነሣም። ስለ መጠኑ ከአፍሪካ የተገኘው ትምህርት ደግሞ ለዓለም ሁሉ ያስደነገጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመው በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ የተካሄደ ጥናት ከ3,000 በላይ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት ተከፋፍለው አንዱ ወገን በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ተሰጠው፣ ሌላው አልተሰጠውም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት ከመቶ 10 የሚበልጡት ሲሞቱ ካላገኙት የሞቱት ከመቶ 7 ገደማ ነበሩ። በ2017 የታተመ የዛምቢያ ጥናትም በዐዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በተጠናከረ ሥርዓት ከተሰጣቸው 48 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶ ሞቱ። የመተንፈሻ መሣሪያ፣ በቂ ኦክስጅንና በየሰዓቱ የሚያይ ነርስ በሌለበት ክፍል ለሀብታም አገር ሆስፒታል የተጻፈ መጠን ሳንባን ውኃ ሊሞላው ይችላል። ፈሳሽ በልክ ተሰጥቶ፣ ታማሚው እንደገና ታይቶ፣ ከዚያ የሚጨመር ነገር ነው።

ሦስተኛው ቀን

በሆስፒታሎቻችን የመጀመሪያው መርፌ እንዴት እንደሚጀመር ብዙ ይታሰብበታል፤ መቼ እንደሚቆም ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። በተለያዩ ክፍሎች ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች የሳንባም ይሁን የሆድ፣ የቁስልም ይሁን ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሴፍትሪያክሰንና ሜትሮኒዳዞል ተደርጎላቸው ያ ትእዛዝ ከቀን ቀን በካርዳቸው ላይ ሲገለበጥ ይከርማል። በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል የካልቸሩ ውጤት ይመጣል፣ ታማሚውም ወይ ይሻለዋል ወይ ይብስበታል፤ ሐኪሙ ቆም ብሎ ጀርሙ ተገኘ ወይ፣ ጠበብ ወዳለ መድኃኒት ልለውጥ ወይ፣ መርፌው በሚዋጥ ይተካ ወይ፣ ከመነሻውስ ባክቴሪያ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያለበት በዚህ ቀን ነው።

ስለ ጊዜ ርዝመትም እውቀቱ ተለውጧል። «ረጅም ሲሆን ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ በጥናት ሲፈተሽ ብዙ ቦታ አልጸናም። በ2024 መጨረሻ ላይ የታተመ፣ በሰባት አገሮች ከ3,600 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ ለተገኘባቸው ብዙ ሰዎች 7 ቀን ሕክምና ከ14 ቀን እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ታማሚው ሲሻለው በራሱ ፈቃድ ይተው ማለት አይደለም፤ ያን ወጣት አሥር ፍሬ ይበቃኛል ያሰኘው ጥናት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ላይ ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በሆስፒታሉ ፋርማሲ መድኃኒቱ አልቆ «ከውጭ ግዙ» የተባለ ቤተሰብ ወረቀት ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲዞር ሌሊቱ ይጋመሳል። በየስምንት ሰዓቱ መሰጠት የነበረበት መጠን አንዴ በአሥራ ሁለት፣ አንዴ በሃያ ሰዓት ይሰጣል። በካርዱ ላይ ሕክምናው አልተቋረጠም፤ በታማሚው ደም ውስጥ ግን መድኃኒቱ ወርዶ ጀርሙ ፋታ አግኝቷል። ስለ መድኃኒት መላመድ ስንናገር ሁልጊዜ የሚወቀሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛው ሰው ነው። የአቅርቦት መቆራረጥ ከዚያ የማያንስ ድርሻ እንዳለው ለመናገር የምንቸገር ይመስለኛል።

ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ላይ ነው፤ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥም የተከለከለ ነው። አተገባበሩ ላልቶ መቆየቱን ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለማያገኙት ለእረፍት መጥተው ሲመለሱ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አሞክሳሲሊን በሻንጣ የሚይዙ አሉ። ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ ጠብቆ ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ ወረፋው ረጅም፣ ምርመራውም ያው ዊዳል ሆኖ ከቀጠለ በእውነት የታመመውም ሰው መድኃኒቱን ያጣል። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል፤ በጊዜው አንቲባዮቲክ ባለማግኘት የሚሞተው ሰውም ብዙ ነው። በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባጸደቀው መግለጫ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ለሰዎች ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 ከመቶው እንደ አሞክሳሲሊን ካሉት፣ ለመላመድ እምብዛም ከማያጋልጡት መሠረታዊ መድኃኒቶች እንዲሆን ግብ አስቀምጠዋል።

ጨቅላዎቹ

መለየትም ማከምም በትንሽ መሣሪያ እንደሚቻል ያሳየን ሥራ በገጠር ጤና ኬላዎች የተሠራው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጽኑ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ጨቅላዎች፣ ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ፣ በጤና ኬላ እንዲያክሙ የሚያስችል ፕሮግራም ጀመረች። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትም ተመሳሳይ መመሪያ አወጣ። ከዚያ በፊት ሕፃኑን ወደ ሆስፒታል ውሰዱ ከማለት በቀር መፍትሔ አልነበረም፤ ብዙ እናት ደግሞ በአራስ ቤት ሆና፣ ገንዘብና መጓጓዣ ሳይኖራት፣ አትሄድም።

ሥራው ሲሠራ ያየ ሰው ቀላልነቱን አይረሳም። ባለሙያዋ የሕፃኑን ልብስ እስከ ደረቱ ትገልጣለች፣ እናቲቱን ጡት እንዳትሰጠው ትጠይቃታለች፤ ካለቀሰም ጸጥ እስኪል ትጠብቃለች። ከዚያ ሰዓቷን አጠገቡ አድርጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ የሆዱን መነሣትና መውደቅ ትቆጥራለች፤ 60 እና በላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ትደግማለች። ታችኛው ደረቱ ይሰረጉድ እንደሆነ፣ ሙቀቱ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ወይም ከ35.5 በታች እንደሆነ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ መጥባት አቅቶት እንደሆነ ታያለች። ምልክቱ ካለና ቤተሰቡ ሪፈር ተብሎ መሄድ ካልቻለ በየቀኑ አንድ ጊዜ የጄንታሚሲን መርፌ ይወጋል፣ አሞክሳሲሊኑን ደግሞ እናቲቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ታጠጣዋለች። ዐሥራ አምስት ቀን ባልሞላው ልጅ ጭን ላይ በየቀኑ መርፌ ሲወጋ ማየት ለእናት ቀላል አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን መጥባት ሲጀምር ብዙዎቹ መመለስ ያቆማሉ። ለዚህ ነው ባለሙያዋ የቀረውን ቀን ቤት ለቤት ሄዳ የምትፈልጋቸው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የጨቅላ ሞት በ2000 ከ1,000 ሕያው ልደት 49 ነበር፤ በ2016 ወደ 29 ወረደ፣ በ2019 ግን 33 ሆኖ ተመዘገበ። ሲወርድ የነበረው ቁጥር እዚያው አካባቢ መርጋቱ ብዙ ሊባልበት የሚገባ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሚወለዱት ሕፃናት ከቤት ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ጀርሙም መለወጡ ይመስለኛል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካና በደቡብ እስያ ሰባት አገሮች ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ጨቅላዎች መካከል ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የሚባለው ጀርም በብዛት መሪነቱን እንደያዘና በአጠቃላይ ከተገኙት የክሌብሲየላ ወገን (ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት) ባክቴሪያዎች ለአምፒሲሊንና ለጄንታሚሲን ጥምር የሚሸነፉት ከሲሶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። በገጠር ጤና ኬላ ሕፃን የሚያድነው ያው ጄንታሚሲን፣ ጨቅላዎች በተጨናነቁበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ በእጅ፣ በቱቦና በጋራ አልጋ ከሚተላለፍ ጀርም ፊት አቅም ያጣል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሐኪም ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ጥናቱን አንብቦ ለሁሉም ጨቅላ ከመጀመሪያው ቀን ሜሮፔነም የሚባለውን ብርቱ አንቲባዮቲክ መስጠት ነው፤ ይህን መንገድ የጀመሩ ክፍሎች ሜሮፔነምንም የሚቋቋም ጀርም ሲገጥማቸው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሁለተኛው የራሱ ክፍል ጀርም የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ለዚህም የደም ካልቸር ጠርሙስ፣ የማይቋረጥ መብራት ያለው ላቦራቶሪ፣ ውጤቱን በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ አልጋው ዳር የሚያደርስ ሰው፣ በየአልጋው መካከልም እጅ የሚታጠቡበት ውኃ ያስፈልጋል። ከአራቱ ውድ የሚባለው ላቦራቶሪው ነው፤ በብዙ ሆስፒታሎች ቀድሞ የሚጠፋው ግን ውኃው ነው።